በገሱባ የከዳችን ተርብ

ዕድሜዬን ሙሉ ከተርብ ጋር ሠርቼ አንድ ቀን እንኳ ተነድፌ አላውቅም። ይህን ስናገር ሰው አያምነኝም። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ፣ አንዲት የሰፈሬ ሴት "አስቴር፣ እንኳን ከነዚያ ተናዳፊዎች ተገላገልሽ!" ብላ አቀፈችኝ። ሳቄ መጣ። የኔ ተርቦች ሰው አይነድፉም። ትልልቆቹ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጡም፤ ትንንሾቹ አጠገብ ደግሞ ሰው ቢያስነጥስ ሁለተኛ አይገኙም። የሚወጉት አባጨጓሬ ነው። ሴቷ እንቁላሏን አባጨጓሬው ሆድ ውስጥ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ውስጥ ለውስጥ እየበላ ያድግና ባለቤቱን ገድሎ ይወጣል። የተማሩት ጥገኛ ተርብ ይሏቸዋል። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ "ልጆቻችን" ነበር የምንላቸው።

አሁን ሶዶ ቤቴ ቁጭ ብዬ የዳሞታን ተራራ ሳይ እጄ ወረንጦ ይፈልጋል። ሥራ የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያስቸግራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሽንኩርት ስከትፍ አንዱን ልጣጭ አንስቼ ወደ ብርሃን ዘርግቼ ሳየው ልጄ ይይዘኛል። "እማ፣ እሱ ክንፍ አይደለም፤ ወጡ እያረረ ነው" ይለኛል። ይሳቅ፣ ምን አለበት! ናፍቆኝ ነው።

ላቦራቶሪያችን ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ሦስት ክፍል ቤት ነበረች። አንደኛው ክፍል ቢሮ፣ ሁለተኛው አባጨጓሬ የምናረባበት፣ ሦስተኛው መሳቢያዎቹ ያሉበት። የመሳቢያዎቹ ክፍል የናፍታሊን ሽታ ልብሴ ውስጥ ስለገባ ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና "አንቺን ብል አይበላሽም" ይለኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በረዳትነት ስቀጠር መጀመሪያ የመደቡኝ ቢጠና ነበር። ሥራው መረብ ይዞ ከማሳ ማሳ መዞር፣ የታመመ የሚመስል አባጨጓሬ መልቀም፣ በጠርሙስ አድርጎ ወደ ሶዶ መላክ። የቢጠና ሰው "ያቺ የቢራቢሮ እብድ መጣች" ይለኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት እብድ ተብዬ ኖርኩ። ደሞዙን እንኳ ተዉት፤ የጫማ መለወጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ወደ ሶዶ ተዛወርኩ። አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ማህተም ያላረፈበት ነገር የሌለ ይመስለው ነበርና "ተርቧስ ማህተም አላት?" እያልን እናማው ነበር። አንዱ ደግሞ ስብሰባ ካልጠራ ምሳ አይወርድለትም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ስማቸውን አልጠራም። እኔን ሰው ያደረገኝ ግን ጋሽ ታምራት ነው።

ጋሽ ታምራት የነፍሳት ባለሙያ ነበር፤ አገሩ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው። ለሁለት ዓመት ተመድቦ መጥቶ ጡረታ እስኪወጣ እኛው ጋ ቀረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጡ ሰው ነው። እሱ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፤ ረቡዕና ዓርብ ሳንነካካ አንውልም። "አንቺ ጾም አታውቂ፤ ትዕግሥት ከየት ታመጫለሽ?" ይለኛል። "ጋሼ፣ እርስዎ የሚቆጡት ሲጾሙ አይደለም እንዴ?" እለዋለሁ። ቆጮ በዳታ፣ በዚያ በሚያቃጥል የቃሪያ ማባያችን፣ ሲበላ እንባው ኮለል ይል ነበር። "ይሄ ምግብ አይደለም፣ ቅጣት ነው" እያለ እጁ ተመልሶ ዳታው ላይ ነው።

ሥራ ላይ ግን ቀልድ የለም። ለተርቧ መለያ የምንጽፈው ወረቀት የጣት ጥፍር ታክላለች፤ የት ተያዘች፣ ከየትኛው አባጨጓሬ ወጣች፣ ማን ያዛት፣ ከጀርባ ደግሞ ስሟን ማን ለየ፣ ሁሉ እዚያች ላይ ይሰፍራል። በእርሳስ ብቻ። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይሟሟላ። ተሳስተን ብንገኝ ደግሞ ወረቀቷን መንቀል ክልክል ነው። "የተሳሳተውን አትንኪ። ትክክለኛውን ጽፈሽ ከሥሩ ውጊው። ያለዚያ ማን እንደተሳሳተ የኋላ ሰው በምን ያውቃል?" ይል ነበር።

ሁለተኛው ሕጉ ስለ ቤት ነው። የስኳር ድንች ቢራቢሮ የምትፈለፍለውን አባጨጓሬ የምትገድል አንዲት ጥሩ ተርብ አለችን። እጯ አባጨጓሬውን ጨርሶ ሲወጣ ከራሱ ሐር ትንሽ በርሜል የመሰለች ቤት ሠርቶ ቅጠል ላይ በክር ይንጠለጠላል። ተርብ ሆኖ ሲወጣ ጫፏን ዙሪያዋን ቆርጦ እንደ ክዳን ይከፍታታል። ግን ሌላም አለ። የተርብ ተርብ! እሷ እንቁላሏን የምትጥለው አባጨጓሬው ሆድ ውስጥ ያለችው ጥሩዋ ተርብ ላይ ነው። ልጇ ጥሩዋን በልቶ በዚያችው በርሜል ውስጥ ያድጋል፤ ሲወጣ ግን ክዳን መክፈት አያውቅበትም፣ ጎኗን ዘነጣጥሎ ነው የሚወጣው። "ባለቤት በበር ይወጣል፤ ሌባ ግድግዳ ቀዶ ይወጣል" ይል ነበር ጋሽ ታምራት። ስለዚህ ባዶዋ ቤት አትጣልም። ከመድኃኒት ቤት ባዶ ካፕሱል እየለመንን እያንዳንዷን ቤት በካፕሱል አድርገን ከራሷ ተርብ ጋር በአንድ ስፒል እንወጋታለን። "መጀመሪያ ቤቱን እይ፤ ባለቤቱ ኋላ ይደረስበታል" የዕለት ጸሎቱ ነበር።

ዝምድና መለየት ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ወይም እኔ ነኝ እሱን ያስተማርኩት። ወላይታ ውስጥ ሁለት ሰው ሲተዋወቅ ስም ጠይቆ አያቆምም። ከሁለቱ ታላላቅ የጎሳ ወገኖች ከየትኛው እንደሆንሽ ለማወቅ ማላ ነሽ ዶጋላ? ይባላል፤ ቀጥሎ ጎሳው ይጠየቃል። የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡምና ሳይጠያየቁ መዋደድ አደጋ ነው። ይህን ስነግረው ጋሽ ታምራት ወረንጦውን አስቀምጦ ሰማኝ። "እኛም ማድረግ ያለብን እሱን ነው" አለ። "መልክ ይዋሻል። አንድ ሥራ የሚሠሩ ባዳዎች ይመሳሰላሉ፤ የአንድ እናት ልጆች ደግሞ አንዱ ደጋ አንዱ ቆላ ሲኖር መልካቸው ይለያያል። ተርቧንም ጎሳዋን መጠየቅ ነው።" የሚጠይቀው ክንፏን ነበር። ጥሩዋና ሌባዋ ሁለቱም ቀጫጭን፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ማይክሮስኮፕ ሥር ግን የሌባዋ የፊት ክንፍ መሐል ላይ ጅማቶቹ ተገናኝተው የአልማዝ ቅርፅ ያላት ትንሽ መስኮት ይሠራሉ። ጥሩዋ መስኮት የላትም። በቃ፣ ይኸው ነው ልዩነቱ፤ ግን ጎሳቸው እጅግ የተራራቀ ነው።

አንድ ዓመት በልግ ቀረ። በቆሎው ደረቀ፤ የሰው ተስፋ መሬት ውስጥ ባለው ስኳር ድንች ላይ ሆነ። የዚያኑ ዓመት አባጨጓሬው የገሱባን ማሳዎች ወረረ። ጋሽ ታምራት ዓመታት ሲያልመው የነበረውን ለመሞከር ጊዜው ደረሰ አለ። ቢጠና በኩል ጥሩዋ ተርብ በብዛት አለች፤ ቤቶቿን ለቅመን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አስፈልፍለን፣ ገሱባ ላይ መልቀቅ። መድኃኒት የተረጨበት ማሳ ላይ ግን ተርቧ ራሷ ትሞታለችና ያልተረጨ ማሳ ያስፈልገናል።

እኔ ገሱባ ሄጄ ወይዘሮ ዘነበች የምትባል ገበሬ አገኘሁ። ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጅ የምታሳድግ፣ እጇ እንደ ወንድ የጠነከረ ሴት። ገና እጅ ሳንነሳሳ ጎሳዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጭኗን መታች፤ "ኧረ የኛው ልጅ ነሽ!" አለች። አንድ ጎሳ ሆነን ተገኘን። ከዚያ በኋላ ያልኳትን ሁሉ እሺ አለች። "ሰሞኑን መድኃኒት የሚረጩ ይመጣሉ፤ አታስረጪ። ሦስት ሳምንት ታገሽኝ" አልኳት።

"ተርቧ ካልሠራችስ?"

"ትሠራለች። እኔ አለሁ።"

አጥር ለአጥር ወደምትዋሰናት ታናሽ እህቷ ዞራ በወላይትኛ ጮኸች፤ "አንቺም እንዳታስረጪ! የጎሳችን ልጅ ናት፤ ሜዳ ላይ አትጥለንም!" እህትየዋ ከሩቅ አየችኝና እሺ በሚል እጇን አነሳች። ሁለቱም አላስረጩም።

ቤቶቹን ከቢጠና ለቅሜ ገና እንደተመለስኩ የጋሽ ታምራት እናት አረፉ። ለቅሶ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ "አስቴር፣ ቤቱን ሳታዪ አንዲትም እንዳትለቂ" አለኝ። "ይሂዱ ጋሼ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኩት። በዚያው ሳምንት ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አለቃችን፣ ያ የማህተሙ፣ አቧራ ማየት አልፈልግም ብሎ ከክፍል ክፍል ሮጠ። ተርቦቹ ወጥተው ሳጥኑን ሞልተውታል፤ ሥሩ ላይ ባዶዎቹ ቤቶች እንደ ገለባ ተከምረዋል። እኔም ምን ነካኝ? "ቆሻሻ" መስለው ታዩኝ። በመጥረጊያ ጠርጌ ከቅጠሉ ጋር አቃጠልኳቸው።

ተርቦቹ አነስ ብለውብኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አነስ ብለውብኝ ነበር። "ድርቅ ነው፤ አባጨጓሬው ከሳ፣ ተርቧም ከሳች" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሠላሳውን ለመሳቢያው ወጋሁ፤ ወረቀት ላይ የጥሩዋን ስም ጽፌ "የለየችው አስቴር" ብዬ ጨረስኩ። ክንፍ አላየሁም። ማይክሮስኮፑ ለእንግዶቹ ተወልውሎ ጨርቅ ለብሷል፤ ጨርቁን ማንሳት ሰነፍኩ። ስንት ጊዜ ይሄ ጨርቅ ትዝ ይለኛል!

ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በጥጥ ማር እያላስኳቸው፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ገሱባ ደረስኩ። ክዳኑን ስከፍት እንደ ጭስ ብን አሉ። ዘነበች እልል አለች። ማታውኑ ዝናብ ጣለ፤ ካፊያ ናት፣ ቅጠሉን እንኳ በወጉ ሳታርስ ያለፈች።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ማሳው ግንድ ብቻ ነበር። ቅጠል የሚባል የለም። ዘነበች መሐሉ ላይ ቆማ ነበር፤ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። "እንግዲህ ምን ላድርግ?" አለችኝ ብቻ።  ሶዶ ተመልሼ ያንን ጨርቅ ገፍፌ አንዷን ተርብ ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኳት። መስኮት። ሁለተኛዋም መስኮት። ሠላሳውም ባለ መስኮት ናቸው። ጥሩዋን ልኬላት መስሎኝ የጥሩዋን ገዳይ ነው ማሳዋ ውስጥ የለቀቅኩት። እዚያው የነበሩትን ጥቂት ጥሩዎች እንኳ ሳላስጨርስ አልቀረሁም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ታምራት የእናቱን አርባ አውጥቶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ መጣ። ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ "ተርቧስ?" አለኝ።

"ዝናብ መታቸው" አልኩ።

"ቤቶቹስ?"

"በጽዳቱ ጊዜ ተጣሉ።"

ዓይኑን ጨፈነ። ቆጣ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። "ክንፋቸውን ግን አይተሻል?"

ያን ጊዜ ነበር መናገር። እናቱን ቀብሮ የመጣ ሰው ፊት ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ፣ "አይቻለሁ" አልኩ። መሳቢያውን ከፍቶ አላረጋገጠም። የኔን ሥራ መፈተሽ ከተወ ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ያመነኝ ሰው ነዋ! ተቀምጦ ሪፖርት ጻፈ፤ ተርቧ ለገሱባ አየር አትስማማም የሚል። ሐሳቡ በዚያው ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ አባጨጓሬ በመጣ ቁጥር መርጨት ሆነ። ለዘነበች የሄደላት ነገር ቢኖር "በዝናብ ምክንያት አልተሳካም" የምትል አንዲት ደብዳቤ ናት። ገሱባ ዳግመኛ አልሄድኩም፤ የመስክ ተራ ሲደርሰኝ ቢጠና እለምን ነበር።

ጋሽ ታምራት ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ጠዋት ይደውልልኛል። ልጆቹን፣ ልጆቼን፣ ዳታውን ሳይቀር ተጠያይቀን ስንጨርስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለችው። "ለመሆኑ አስቴር፣ ያቺ ተርብ ለምን ከዳችን?"

"እንጃ ጋሼ" እላለሁ። 

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ሰላማዊት መጣች። የደሴ ልጅ ናት፤ ተምራ ያልጠገበች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ተመራማሪ። ከእያንዳንዷ ደረቅ ተርብ አንድ እግር በወረንጦ ትወስድና የዘረመል ምርመራ ወደሚሠራበት ትልካለች። እኛ በክንፍ ጅማት የጠየቅነውን ጎሳ እሷ በእግር ትጠይቃለች ማለት ነው። ቀናሁባትም፣ ደስም አለኝ። ጋሽ ታምራት ያኔ እዚያ ቢኖር እግር በእግር ይከተላት ነበር።

በነሐሴ አንድ ቀን ላፕቶፗን ይዛ እየሮጠች መጣች። "እትዬ አስቴር፣ ጉድ ተገኘ!" የተርቦቹን የዘር ሐረግ በዛፍ ሥላ አሳየችኝ። የቢጠናዎቹ ጥሩ ተርቦች አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስበዋል። የገሱባ የተባሉት ሠላሳው ግን በዛፉ ማዶ፣ ከሌቦቹ ጋር፣ ሌላ ጎሳ ውስጥ ተቀምጠዋል።

"መልካቸው እኮ ቁርጥ አንድ ነው" አለች። "ያኔ ክንፉን ያየ ሰው ተሳስቷል። ባለሙያው ጋሽ ታምራት የሚባሉ ነበሩ አይደል? እሳቸው ለይተውት ይሆናል። ጽሑፌ ላይ 'ታምራት በስህተት የለየው' ብዬ ላስገባው ነው።"

 ሰውየው ደብረ ብርሃን ተቀምጦ፣ ሳያውቀው፣ በኔ ስንፍና ስሙ ለዘላለም ሊጻፍ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ወር ሳይሞላ ቁልፉን አስረክቤ ቤቴ ነኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አንዲት ደቂቃ ያህል አሰብኩት።

"ሰላምዬ፣ ወረቀቱን ገልብጠሽ አንብቢው" አልኳት።

አነበበች። "የለየችው... አስቴር።" ቀና ብላ አየችኝ።

"ክንፉን ማንም አላየውም። እኔ ነኝ ያላየሁት። ሌባዎቹን ነው የለቀቅኩት። ጋሽ ታምራት ለቅሶ ላይ ነበር።" አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ጨርቁንም፣ ቃጠሎውንም፣ ውሸቱንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ልጅቷ ሳቋ ጠፋ። ዛፏ ላይ የቢጠናዎቹን ቅርንጫፍ በጣቷ ተከተለች።

"እንግዲያው ጥሩዋ ተርብ ገሱባ ላይ አልተሞከረችም" አለች።

"አንድ ቀንም አልተሞከረችም።"

የመጨረሻውን የሥራ ሳምንት ሠላሳ ወረቀት በእርሳስ ስጽፍ ቆየሁ። የድሮዎቹን አልነቀልኩም። ከእያንዳንዷ ሥር የእውነተኛ ጎሳዋን ስም፣ "ቀድሞ በስህተት የለየችው አስቴር፤ ያረመችው አስቴር" ብዬ ወጋሁ። አምስቷን አበላሽቼ ደግሜ ጻፍኩ። ከዚያ ቁልፉን አስረከብኩ። የስንብት ንግግር አደረጉልኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ስለ ታማኝነቴ አንድ ሁለት ሰው ተናገረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለጋሽ ታምራት ግን መደወል ፈራሁ። እንቁጣጣሽ ሲሆን ራሱ ይደውላል እያልኩ ቀን ቆጠርኩ። ደወለም።

"አስቴር! እንኳን አደረሰሽ!"

"እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ።"

ዓይኑ ደክሟል፤ ሰው የሚለየው በድምፅ ሆኗል። ልጆቹን ጠየቅኩ፤ ልጆቼን ጠየቀ። ዳታ ላይ ደረስን። "ለመሆኑ ያቺ ተርብ ለምን ከዳችን?" አለ።

"እሷ አልከዳችንም። የከዳሁዎት እኔ ነኝ።"

ነገርኩት። በመሐሉ አንዴም አላቋረጠኝም፤ ከጓሮው የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል። ስጨርስ "መስኮት ነበራቸው?" አለ።

"ሠላሳውም።"

"ሠላሳውም!" አለ። "አስቴር፣ እኔ እኮ ያቺን ተርብ በጽሑፍ አዋረድኳት። በእጄ ፈርሜ! ስንት ዓመት በልቤ ስወቅሳት ኖርኩ።" እያለቀስኩ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ "ወረቀቶቹስ?" አለ።

"አልነቀልኩም። ከሥራቸው ጨመርኩ።"

"በእርሳስ?"

"በእርሳስ ጋሼ።"

ተነፈሰ። "እኔን ተይኝ፤ እኔ የጠፋብኝ ሐሳብ ነው። ያቺ ሴትዮ የጠፋባት ማሳ ነው። ሄደሽ ነግረሻታል?"

"አልሄድኩም።"

"ታዲያ ከኔ ጋር ምን ታወሪያለሽ?" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ጊፋታ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በኛ አገር አዲሱ ዓመት ጊፋታ ነው፤ የተጣላ ሳይታረቅ አይሻገርበትም። ሚኒባስ ይዤ ገሱባ ወረድኩ፤ ከዚያ በሞተር። ዘነበች ደጇ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፤ እጆቿ ግን ያው ናቸው። "የጎሳዬ ልጅ" አለችኝ ገና ሳትነሳ። ያ ቃል ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳት።

መፈልፈሏን ሳታቋርጥ ሰማችኝ። "የኔ ትልቁ ያን ዓመት ትምህርት አቁሞ ለቀን ሥራ ቆላ ወረደ" አለች። "ተመልሶ ተማረ። ሁለት ዓመት ግን አለፈው።"

"ይቅር በይኝ።"

"እሱን እንኳ እግዚአብሔር ካሰው።" በቆሎውን አስቀመጠች። "እኔን የበላኝ ሌላ ነው። እህቴን 'አታስረጪ' ያልኳት እኔ ነኝ። የሷም ማሳ አለቀ። 'መንገደኛ አምነሽ ልጆቼን አስራብሽ' አለችኝ። ዝናብ ነው ብላት አላመነችኝም፤ ካፊያዋን እሷም አይታታለች። ከዚያ ወዲህ እሷ በላይኛው መንገድ፣ እኔ በታችኛው መንገድ ነው ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው። ጊፋታን ለየብቻ ነው የምንበላው።" ነጠላዋን አነሳች። "ተነሺ።"

"ወዴት?"

"ለኔ የነገርሽኝን ለሷ ንገሪያት።"

በዚያ ማሳ መሐል ለመሐል ሄድን። ስኳር ድንቹ ለምልሞ መሬቱን ሸፍኖታል፤ ወደኋላ ስቀር ዘነበች ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት እንዳልረገጠች ገባኝ።

እህትየዋ ጎንበስ ብላ ደጅ ስትጠርግ አገኘናት። ዘነበችን ስታይ መጥረጊያዋን ይዛ ቀጥ አለች። ማንም ሰላም አላለም። በሩ ላይ ቆሜ በወላይትኛ ተናገርኩ። ምክንያቱ ዝናብ እንዳልነበረ፣ ዘነበች ያመነችው እኔ እርግጠኛ ነኝ ስላልኳት እንደሆነ፣ እኔ ግን ሳላይ አየሁ እንዳልኩ፣ ኋላም አውቄ እንደደበቅኩ። "እህትሽ አልዋሸችሽም። የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። 

ሴትየዋ ወደኔ አልዞረችም። ዘነበችን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "አርጅተሻል" አለቻት።

"አንቺስ ብትሆኚ" አለች ዘነበች።

"ታዲያ እንደ ባዳ በር ላይ ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ!"

ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ገባች። እኔ ደጁ ላይ ቀረሁ። ልሂድ ልቁም እያልኩ ሳመነታ እህትየዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ።

"አንቺ ደግሞ የደበቅሽው ሌላ ካለ እዚያው ጨርሺና ግቢ።"

"ጨርሻለሁ" አልኩ፤ ገባሁ።